የደሴው በረንዳ ትንኝ፦ ውሃ ያዘለ የአበባ አፈር የታከመበት አንድ ጉዳይ

ደሴ ላይ ሐምሌ ሲገባ ጦሳ ተራራ ከማለዳ እስከ ቀትር ጉም ለብሶ ይውላል፤ የታጠበ ልብስም ገመድ ላይ ሦስት ቀን ውሎ አድሮ እርጥበቱ አይለቀውም። እዚህ የሚተረከው ጉዳይ የደረሰው በዚሁ ወቅት፣ ከሰኞ ገበያ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ቆርቆሮ በለበሰ የሲሚንቶ በረንዳ ላይ ነው። የግቢው ባለቤት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ሲሆኑ፣ በበረንዳው ላይ በ34 የተለያዩ ዕቃዎች፣ ማለትም በወተት ዱቄት ጣሳ፣ በቀለም ባልዲ፣ ከወገቡ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካንና በጥቂት የሸክላ ማሰሮዎች፣ ጄራኒየም፣ የጥብስ ቅጠል፣ ናና፣ በሶብላ፣ ጤና አዳምና አሪቲ ያሳድጋሉ። ከዚህም ሌላ በሁለት የእንጨት ሳጥን የቃሪያ ችግኝ እያፈሉ ለጎረቤትና ለገበያተኛ ይሸጣሉ፤ ገቢው ትንሽ ቢሆንም የቤቱን የቡናና የስኳር ወጪ የሚሸፍነው እርሱ ነው።

እኔ የሠለጠንኩት በዕፅዋት ጥበቃ ነው፤ ቤታችንም አጥር ለአጥር ነው። ባለቤቲቱ ወደ ቤታቸው የጠሩኝ ግን ስለ ተክል ሊያማክሩኝ አልነበረም። ቡና በቀረበ ቁጥር ጥቃቅን ትንኞች ከስኒው ላይ እያንዣበቡ እንግዳ ስላስቸገሩ፣ የሚገድል ነገር ካወቅሁ እንድነግራቸው ፈልገው ነበር። የቃሪያው ነገር የተነሣው በመጨረሻ፣ በረካው ከተጠጣ በኋላ ነው። ከሳጥኖቹ በአንዱ ከበቀሉት ችግኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአንድ ሳምንት ውስጥ ተኝተዋል። “ትንኙስ ይሁን፣ አብሽር፣ ስኒውን እየከደንን እንጠጣለን፤ ቃሪያዬን ግን ምን ነካብኝ?” አሉኝ። በእርሳቸው ግምት እነዚህ ሁለት የማይገናኙ ችግሮች ነበሩ፤ አንዱ የክረምት ጣጣ፣ ሌላው የዘር ብልሽት። የጉዳዩ መነሻ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ማረጋገጥ ነበር።

ምርመራው

በረንዳው ላይ የሚበሩት ነፍሳት ጥቁር ግራጫ፣ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ፣ ረጃጅም እግርና ወደ ፊት የወጣ ረጅም አንቴና ያላቸው ነበሩ። ብዙ ሰው ቢምቢ ይላቸዋል፤ ነገር ግን አይናደፉም፣ ደምም አይመጡም። የበሰለ ሙዝና ፓፓያ ላይ የሚሰፍረው የፍራፍሬ ትንኝ ደግሞ ቡናማ ቢጫና ዓይነ ቀይ ስለሆነ ከዚህ ጋር አይምታታም። ከጣሳዎቹ አንዱን ነካ ሳደርግ ትንኞቹ ከአፈሩ ገጽ ተነሥተው፣ ሩቅ ሳይበሩ፣ እየተንገዳገዱ ተመልሰው እዚያው አረፉ። ይህ ደካማ አበራረር እርጥብ አፈር ውስጥ የሚራባው የፈንገስ ትንኝ መለያ ነው። በሚያጣብቅ ወረቀት የያዝኩትን አንዱን በማጉያ መነጽር ስመለከት ክንፉ ላይ ባላ የመሰለ የተከፈለ ሥር ይታይ ነበር፤ ይህም ነፍሳቱ ብራዲሲያ የሚባለው ወገን የሚገኝበት የሲያሪዴ ቤተሰብ መሆኑን ያመለክታል።

በራሪውን ማወቅ ግን የምርመራው ግማሽ ብቻ ነው። ጉልምሱ ትንኝ ተክል አይበላም፤ ዕድሜውም ከ7 እስከ 10 ቀን ገደማ ነው። ጉዳት የሚያደርሰው በአፈሩ የላይኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚኖረው እጩ፣ ማለትም ከእንቁላል የተፈለፈለው ክንፍ አልባ ትል ነው። እጩ በዋናነት የሚመገበው ሻጋታን፣ በእርጥብ አፈር ገጽ ላይ የሚወጣውን አረንጓዴ ሽበት (አልጌ)ና የሚበሰብስ ነገርን ነው፤ ሲበዛና ሲርበው ግን ወደ ሥር ጸጉርና ወደ ለጋ ግንድ ይዞራል። ችግኝን የሚያጠፋውን ፒቲየምን የመሰለ ረቂቅ ተሕዋስም ከዕቃ ወደ ዕቃ ሊያዛምት ይችላል፤ በተበላው ሥር ቁስልም በሽታው በቀላሉ ይገባል።

እጩ መኖሩን ለማየት ከኩሽና የተነሣ ድንች በቂ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸውን የጥሬ ድንች ቁራጮች በ12 ዕቃዎች አፈር ላይ ተጫን አድርጌ አስቀመጥኩና በሁለተኛው ቀን ገለበጥኳቸው። በ9ኙ ሥር ጥቁር አብረቅራቂ ራስ ያላቸው፣ የቀረው አካላቸው እንደ ብርሌ የሚያሳይ ነጫጭ ትሎች ተሰብስበው ነበር፤ በአንዱ ቁራጭ ላይ ብቻ 14 ቆጠርን። ባለቤቲቱ ይህን ሲያዩ ዝም አሉ፤ ቀጥሎም የወደቀውን የቃሪያ ችግኝ ራሳቸው ነቅለው ሥሩን በውሃ አጠቡት። ሊኖረው የሚገባው ነጭ የሥር ጸጉር አልነበረም። ከአፈሩ ገጽ ላይ አንገቱ ቀጥኖ ውሃ ቋጥሯል።

ለእኔ ከ9ኙ ይልቅ ትል ያልተገኘባቸው 3ቱ ዕቃዎች የበለጠ ይናገሩ ነበር። ሦስቱም ከታች የተበሱ የሸክላ ማሰሮዎች ናቸው፤ የተቀመጡትም ነፋስ በሚያገኘው የበረንዳው ደረጃ ላይ ሲሆን፣ ቡና ከሚፈላበት ቦታ ይርቃሉ። የተተከለው አፈር ግን ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው፤ የተዘጋጀውም በአንድ ቀን ነው። ስለዚህ ጥያቄው ይህ አፈር በጣሳው ውስጥ ሲሆን በማሰሮው ውስጥ ከሚሆነው ምን ለየው የሚል ሆነ።

አፈሩ ምን ሆኖ ነበር?

ባለቤቲቱ በሰኔ መጀመሪያ ላይ ዕቃዎቹን ሁሉ ገልብጠው አዲስ አፈር አዘጋጅተው ነበር። የቀላቀሉት ከጓሮ የተቆፈረ ዋልካና ከከተማው ዳር ካለ ከብት አርቢ የተገዛ ፍግ፣ እኩል በእኩል ነው። ፍጉ ሲመጣ ገና ትኩስ እንደነበርና ጭዱም በውስጡ በግልጽ ይታይ እንደነበር ከተጠየቁ በኋላ አስታወሱ። ያልበሰለ ፍግ መበስበሱን የሚጨርሰው ተክሉ ሥር ነው፤ በሚበሰብስበት ጊዜ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታው ደግሞ የትንኙ እናት እንቁላል የምትጥልበትን ቦታ የምትመርጥበት ምልክት ነው። አንዷ እናት በአጭር ዕድሜዋ ከ100 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች።

ዋልካው የራሱ ጠባይ አለው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፣ ውሃውን አምቆ ይይዛል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ማሳ ላይ ጤፍና ሽምብራ የሚያበላው ይኸው አፈር፣ ታችኛው ጫፍ በተደፈነ ጣሳ ውስጥ ሲገባ ኩሬ ይሆናል። ጣሳዎቹና ባልዲዎቹ ደግሞ አንዳቸውም አልተበሱም ነበር፤ ምክንያቱም ውሃው እየወረደ ሲሚንቶውን እንዳያቆሽሽ ተብሎ ነው። አንዱን የቀለም ባልዲ ስንገለብጥ ከታች አራት ጣት የሚሆን ግራጫ፣ የረጋ ውሃ ሽታ ያለው ጭቃ ወጣ። የሸክላው ማሰሮ ግን ቀዳዳው ውሃውን ያሳልፋል፤ ግድግዳውም ራሱ ይተነፍሳል።

ሦስተኛው ምክንያት ከቡናው ነበር። በዚህ ቤት ቡና በቀን ሁለት ጊዜ ይፈላል፤ በረካው ሲያበቃም የጀበናው አተላ በአቅራቢያው ወዳሉት ጣሳዎች ይደፋል፣ የስኒው እጣቢም ይከተላል። የቡና አተላ 2 በመቶ ገደማ ናይትሮጅን ስላለው ማዳበሪያ ነው መባሉ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ይህ የሚሆነው ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ከበሰለ በኋላ ነው። ጥሬው አተላ በአፈር ላይ ሲነጠፍ እንደ ንጣፍ ይያያዛል፤ አየር ይከለክላል፤ በሦስት ቀን ውስጥ ነጭ ሻጋታ ያወጣል። በጣም የተጎዱት 11 ጣሳዎች ከረከቦቱ በክንድ ርቀት ውስጥ ያሉት ነበሩ። ትንኙ ስኒው ላይ የሚያንዣብበውም ከእነዚሁ ጣሳዎች እየተነሣ ነው እንጂ ቡናውን ፈልጎ ከውጭ የመጣ አልነበረም።

ያልሠሩ ሙከራዎች፣ የእኔም ጭምር

እኔ ከመጠራቴ በፊት ቤተሰቡ የሚችለውን ሞክሯል። ከሱቅ የተገዛ ፍሊት በምሽት በበረንዳው ላይ ይነፋ ነበር፤ በማግሥቱ ጠዋት የሞቱ ትንኞች ይጠረጋሉ፣ በሦስተኛው ቀን ሌሎች ይተካሉ። የሚነፋው መድኃኒት አፈር ውስጥ ያለውን እንቁላል፣ እጭና ሙሽሬ (እጩ ወደ በራሪ የሚለወጥበት ደረጃ) ስለማይደርስ ውጤቱ ከዚህ ሌላ ሊሆን አይችልም። የወይራ ጭስ ሞክረዋል፤ ጭሱ እስካለ ድረስ ትንኙ ይሸሻል፣ ቤቱም መልካም ይሸታል፣ ከዚያ ያለፈ ጥቅም አልነበረውም። አመድም ነስንሰዋል። ደረቅ አመድ ለአንድ ቀን ገጹን ያደርቃል፤ በጉም አገር ግን በማግሥቱ ይረጥብና እንደ ሊጥ ይለጥፋል፣ ሲደጋገምም የአፈሩን ጨዋማነትና አልካላይነት ከፍ ያደርገዋል። አንድ ጎረቤት ለእህል ጎተራ የሚሆን ማላታዮን እንዲረጩ መክረዋቸው ነበር፤ ይህን አጥብቄ ተቃወምኩ፤ በሶብላውና ናናው ከዚያው በረንዳ ተቆርጦ ወደ ወጥና ወደ ሻይ የሚገባ ነውና።

የእኔ የመጀመሪያ ምክርም ከእነዚህ የተሻለ አልነበረም። በትምህርት ቤት የተማርኩትን ሳላመዛዝን “ለ10 ቀን ውሃ አያጠጡ፣ የአፈሩ ገጽ ሲደርቅ እጩ ያልቃል” አልኳቸው። ምክሩ ፀሐይ ባለበት አገር ትክክል ነው። በነሐሴ፣ በደሴ፣ ከጣሪያ ሥር፣ ባልተበሳ ጣሳ ውስጥ ያለ ዋልካ ግን በ10 ቀን አይደርቅም። በ9ኛው ቀን ጣቴን ስሰድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደ አዲስ እርጥብ ነበር። በዚያው ጊዜ ነፋስ በሚያገኘው ደረጃ ላይ የነበሩት፣ ምንም ትል ያልነበረባቸው የሸክላ ማሰሮዎች ጠውልገው አንዱ ጄራኒየም ግማሽ ቅጠሉን አራገፈ። የታመመው ሳይደርቅ ጤነኛው ደረቀ። ባለቤቲቱ ይህን እስካሁን አልረሱልኝም፤ ቡና በጠጣን ቁጥር ያነሡታል።

ከዚህ በኋላ አስተሳሰቤን ቀየርኩ። የአየሩን እርጥበት መቀነስ በእጃችን አይደለም፤ ውሃው በአፈሩ ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ መክፈት ግን ይቻላል።

ሕክምናው

የመጀመሪያው ሥራ መብሳት ነበር። የልጅ ልጃቸው ወፍራም ምስማር በከሰል እያጋለ በየፕላስቲክ ባልዲውና ጀሪካኑ ታች ከ6 እስከ 8 ቀዳዳ በሳ፤ ጣሳዎቹን በመዶሻ በሳቸው። ለሲሚንቶው ሥጋት ከያንዳንዱ ሥር ሁለት የተሰበረ ሸክላ ተደርጎ ዕቃው ከወለሉ ከፍ እንዲል፣ የሚወርደውም ውሃ በአሮጌ ትሪ እንዲጠራቀምና እንዲደፋ ተደረገ። በመጀመሪያው ሌሊት ብቻ ከትልቁ ባልዲ ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ውሃ ወረደ።

ቀጥሎ ከየዕቃው የላይኛው 3 ሴንቲ ሜትር አፈር ከነአተላውና ከነሻጋታው በማንኪያ ተጠርጎ በጆንያ ተቋጠረ። አብዛኛው እንቁላልና እጭ የሚገኘው በዚህ ንብርብር ውስጥ ስለሆነ፣ ከሁሉም ድካማችን ወዲያው ውጤት ያሳየው ይህ ይመስለኛል። በተነሣው ምትክ በሦስት ውሃ የታጠበ ሸካራ የግንባታ አሸዋ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ተነጠፈ። አሸዋ ፈጥኖ ስለሚደርቅና ምግብነት ያለው ነገር ስለሌለበት የትንኟ እናት አትመርጠውም። ደቃቅ አሸዋ ግን ውሃ ይዞ ስለሚለጥፍ ለዚህ አይሆንም፤ በወንፊት ነፍተን የቀረውን ሸካራውን ነው የተጠቀምነው።

አሸዋው እንዳይረጥብ ውሃው ከላይ መጠጣቱ ቀረ። ዕቃዎቹ በተራ በሳፋ ውሃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ይቆማሉ፣ ከታች በቀዳዳው ይጠጣሉ፣ ከዚያ ይንጠፈጠፋሉ። መቼ ይጠጡ ለሚለው የቀን መቁጠሪያ አላወጣንም፤ ባለቤቲቱ ጣሳውን በእጃቸው አንሥተው ክብደቱን መመዘን በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመዱ። እንጀራ ጋግሮ ላደገ እጅ የሊጡን ውፍረት ማወቅ ከዚህ የከበደ ነው።

በራሪዎቹን ለመቀነስና በተለይም ለመቁጠር ቢጫ ማጥመጃ አዘጋጀን። ትንኙ ወደ ቢጫ ቀለም ይሳባል፤ ከየቤቱ የማይጠፋው ቢጫ የዘይት ጀሪካን ደግሞ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። መዳፍ የሚያህሉ 6 ቁራጮች ተቆርጠው ቫዝሊን ተቀብተው በእንጨት ስንጥር ከአፈሩ ጥቂት ከፍ ብለው ተሰኩ። ማጥመጃ ብቻውን ችግሩን እንደማይፈታ ከመጀመሪያው ተናግሬ ነበር፤ ያለ እርሱ ግን እየተሻለ መሆን አለመሆኑን በስሜት እንጂ በቁጥር አናውቅም ነበር።

እጩን በቀጥታ ለመግደል በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው መንገድ በ1976 በኔጌቭ በረሃ የተገኘው ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ እስራኤለንሲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። እጩ ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ መርዝ ይሆንበታል፤ ለሰውና ለንብ ግን ጉዳት የለውም። በዚያ ሰሞን በከተማው ሱቆች አላገኘነውም። በእርሱ ምትክ ሁለት ነገሮችን በጥንቃቄ ተጠቀምን። ለቃሪያው ሳጥን ከፋርማሲ የተገዛ ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ አንዱን እጅ በአራት እጅ ውሃ በጥብጠን አንድ ጊዜ ብቻ አጠጣን፤ አረፋ እየሠራ ሲገባ የነካቸውን እጮች ይገድላል፣ ጠቃሚውንም ተሕዋስ ስለማይምር ግን አልደገምነውም። ለጄራኒየሞቹ ደግሞ ከባቲ ሰኞ ገበያ የመጣ የደረቀ የኒም ፍሬ ተወቅጦ፣ 50 ግራሙ በአንድ ሊትር ውሃ ተዘፍዝፎ አድሮ፣ ተጠልሎ በሳምንት አንዴ፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ አጠጣናቸው። ኒም እጩ ቆዳውን ለውጦ እንዳያድግ ያደናቅፋል እንጂ ወዲያው አይገድልም። ሽታው ግን እንግዳ በሚቀበሉበት በረንዳ ላይ ደስ አይልም።

የተጠረገውን አፈር መልሶ ማዳን

በጆንያ የተቋጠረውና ከሞቱት ተክሎች ዕቃ የተገለበጠው አፈር ሦስት ጆንያ ሞላ። የቤቱ ልጆች ወደ ገደል ይጣል አሉ። ባለቤቲቱ አልፈቀዱም፤ “አፈር እንዴት ይጣላል? ታሞ እንደሆነ ይታከም” አሉ። እኔም በሌላ ምክንያት ተስማማሁ። ፍጉ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ጊዜው ሳይደርስ የገባ ስለሆነ፣ ጊዜ ከተሰጠው ያው ፍግ ጥሩ አፈር ይሆናል።

ሁለቱን ጆንያ በእንፋሎት አከምን። ለድግስ ከሚወጣው ሰታቴ ታች ድንጋይ ተደርድሮ፣ ውሃ ተጨምሮ፣ ከድንጋዩ ላይ የተበሳ ቆርቆሮ ተጋደመ፤ እርጥበት ያለው አፈር በላዩ ተሞልቶ ተከደነና ግቢ ውስጥ በእንጨት እሳት ተጣደ። ሽታው ከባድ ስለሆነ ቤት ውስጥ የሚሠራ አይደለም። ማወቅ የሚያስፈልገው የአፈሩ መሐል መሞቁን ነው፤ ከ70 ዲግሪ በላይ ለግማሽ ሰዓት ከቆየ እንቁላሉም፣ እጩም፣ ችግኝ ገዳዩ ተሕዋስም ይሞታል። ቴርሞ ሜትር ስላልነበረን መሐሉ ላይ አንድ መካከለኛ ድንች ቀበርን፤ ድንቹ ሹካ ሲያስገባ ሙቀቱ ደርሷል ማለት ነው። የደሴ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለወጥ ሠሪ ይህ እንከን ነው፣ ለእኛ ግን ጠቀመን። አፈር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ማንጋኒዙ በብዛት እየሟሟ፣ አሞኒያም እየተከማቸ ሥር ያቃጥላል፤ በእንፋሎት ብቻ ሲበስል ግን ከ92 ዲግሪው ብዙ አልፎ ሊሞቅ አይችልም። በደረቅ ምጣድ ላይ መቁላት የማልመክረው ለዚህ ነው። ድንቹን ማንም እንዳይበላው ተነግሮ ለልጆቹ ማሳያ ሆነ።

ሦስተኛው ጆንያ ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ ኮምቦልቻ ወዳለች የባለቤቲቱ እህት ዘንድ ሄደ፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ከተማዋ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ፀሐይዋ ትበረታለች። አፈሩ ረጥቦ በሚያሳይ ፕላስቲክ ድርብ ተጠቅልሎ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አራት ሳምንት ተኛ። ውጤቱ መልካም ነበር፤ ሆኖም አፈር ሚኒባስ ላይ ሲጫን ከረዳቱ ጋር የተደረገውን ክርክር ስቆጥረው፣ የሚቀጥለውን ጊዜ እዚያው ደሴ ጣሪያ ላይ ስድስት ሳምንት ማቆየት የሚሻል ይመስለኛል።

የታከመ አፈር ንጹሕ ነው፤ ባዶም ነው። ጎጂውን የገደለው ሙቀት አፈሩን የሚያለማውንም ተሕዋስ አብዛኛውን ገድሏል፤ እንዲሁ ቢተከልበት የመጀመሪያው የመጣ ሻጋታ ይወርሰዋል። ሕይወቱን ለመመለስ የበሰለ ብስባሽ ያስፈልግ ነበር። በዚህ ጊዜ በሻጭ ቃል አልተማመንም። ከጓሮው ጥግ ዓመት የሞላው የብስባሽ ክምር አንድ እፍኝ ረጥቦ በተቋጠረ ፌስታል ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ሲፈታ ያልነፋና ሽንት የማይሸት፣ የዝናብ መሬት ሽታ ያለው ሆነ። ሁለተኛው ፈተና ፌጦ ነበር። ፌጦ ፈጥኖ የሚበቅልና ለመርዝ ስስ የሆነ ዘር በመሆኑ በላቦራቶሪም የብስባሽ መብሰል መለኪያ ነው። በአንድ ሳህን ብስባሽ፣ በሌላው እርጥብ ጨርቅ ላይ ሃያ ሃያ ፍሬ ዘራን። በአራተኛው ቀን በጨርቁ ላይ 19፣ በብስባሹ ላይ 18 በቀሉ፤ ሥሮቻቸውም ነጭና ቀጥ ያሉ ነበሩ። ከሰኔው ፍግ የቀረውን በተመሳሳይ ስንሞክር የበቀሉት 5 ብቻ ነበሩ፤ ሥራቸውም ቡናማና አጭር። ባለቤቲቱ ከእኔ ማብራሪያ ሁሉ ይልቅ ያመኑት ይህን ሳህን ነው።

ድብልቁ በመጨረሻ ሦስት ጣሳ የታከመ አፈር፣ ሁለት ጣሳ ሸካራ አሸዋና አንድ ጣሳ የበሰለ ብስባሽ ሆነ። በእጅ ሲጨበጥ ይያያዛል፣ በጣት ሲነካ ይፈረካከሳል፤ በአንድ የወተት ጣሳ ላይ የተደፋ ኩባያ ውሃም ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በታች መውረድ ጀመረ። ሁለት ሳምንት ተከድኖ ካረፈ በኋላ ተተከለበት።

በቁጥር የታየው

ማጥመጃዎቹ በየእሑዱ እየተቆጠሩ ቫዝሊናቸው ይታደስ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት በስድስቱ ላይ 118 ትንኝ ተያዘ፤ በሁለተኛው 131። ቤተሰቡ ተስፋ የቆረጠው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ሁሉ ደክመን እንዴት ይጨምራል በሚል። ነገር ግን ሕክምናው ሲጀመር ሙሽሬ የነበሩት ምንም አይነካቸውም፤ ጊዜያቸው ሲደርስ ይወጣሉ። የትንኙ ዑደት ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ባለ ሙቀት ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፤ እንደ ደሴ ባለ ቀዝቃዛ አየር ከዚያ ይረዝማል። ስለዚህ ከስድስት ሳምንት በፊት ፍርድ እንዳንሰጥ ተስማምተን ነበር፤ ስምምነቱን ማስከበር ከአሸዋው በላይ ከበደኝ። በሦስተኛው ሳምንት 74፣ በአራተኛው 39፣ በአምስተኛው 42፣ በስድስተኛው 11 ሆነ። በአምስተኛው ሳምንት ትንሽ ከፍ ያለበትን ምክንያት ስንፈልግ፣ ከአልጋው ሥር የተረሳ አንድ ያልተበሳ የናና ጣሳ ተገኘ። መስከረም አልፎ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ለሁለት ተከታታይ እሑድ ምንም አልተያዘም።

ከ34ቱ ዕቃዎች 5ቱ ተክሎቻቸው ሞተዋል፤ ከእነዚህ ሁለቱ በሶብላዎች ነበሩ። የመጀመሪያው የቃሪያ ሳጥን ከነጭራሹ ጠፋ። ሁለተኛው ግን ግማሽ ያህሉን ችግኝ አትርፏል፤ በታደሰው አፈር እንደገና የተዘራውም በኅዳር ለገበያ ደረሰ። አተላው አሁን በቀጥታ ወደ ጓሮው ክምር ይሄዳል፣ በደረቅ ቅጠልም ይሸፈናል፤ እዚያ ላይ ትንኝ አለ፣ ይኖራልም፣ ከበረንዳው እስከራቀ ድረስ ማንንም አያስቸግርም።

በየካቲት መጨረሻ የበልጉ ካፊያ ሲጀምር ባለቤቲቱ ሳይጠሩኝ ራሳቸው ድንች ቆርጠው በስምንት ዕቃዎች ላይ አስቀምጠው ነበር። በአንዱ፣ ከግድግዳው ጥግ ባለው ጤና አዳም ሥር፣ ሁለት ትል አገኙ። በአጥሩ ላይ ቁራጩን አሳዩኝ፤ የላይኛውን አፈር ጠርገው፣ አሸዋ ለውጠው፣ ጣሳውን ወደ ደረጃው አውጥተውት ነበር።